ባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም የገባችሁ፣ ከሁሉም የትኛውን ወደዳችሁ?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም የአገሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። የምኖረው ጎንደር ነው፣ ፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለእንግዳ ማሳየት እንጀራዬ ነው። እህቴ ሜሪላንድ ስለምትኖር በቅርቡ ልጠይቃት እሄዳለሁ፣ አንዱን ቀን ደግሞ ዋልተርስ ሙዚየም ማሳለፍ አስቤያለሁ። የእኛ ሥዕልና ብራና በብዛት አለበት ሲሉ እሰማለሁ። ቤቱ ግን ሰፊ ነው አሉኝ። ሁሉንም ልይ ብዬ ዞሮብኝ መውጣት አልፈልግም። የዕቃ ዝርዝር የትም አገኛለሁ፣ የምፈልገው ገብቶ ያየ ሰው የወደደውን ነው። የትኛው ፊት ቆማችሁ መሄድ አቃታችሁ?

ሐረግ ወዳድ፦
እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አሁን ዲሲ ነው ያለሁት። ሆድ ሲብሰኝ የምሄደው እዚያ ነው።

አንደኛዬ የጉንዳ ጉንዶ ወንጌል ነው፣ በዚህ አልደራደርም። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው። ጉንዳ ጉንዶ ትግራይ፣ አጋሜ ያለው ገዳም ነው፤ የደቂቀ እስጢፋኖስ፣ የእነዚያ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ያን ሁሉ መከራ የተቀበሉ መነኮሳት ቤት። ሐረጉን፣ ያን የተጠላለፈ የብራና ጌጥ፣ ጠጋ ብለህ እየው። አንዱን መስመር በዓይንህ ያዝና ተከተለው፣ ሲታጠፍ፣ ሲጠላለፍ፣ ከሌላው ሥር ገብቶ ሲወጣ መነሻውን ታጣዋለህ። የተሣሉት አራቱ ወንጌላውያንም ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ልብሳቸው ራሱ በመስመር የተሸመነ ይመስላል። እኛ ያደግንበት የጎንደር ሥዕል ጥላና ብርሃን አለው፣ ፊቱ ሞላ ያለ ነው፣ ልብሱ አበባ በአበባ ነው። ይሄ ከዚያ በፊት የነበረ እጅ ነው። አንተ የሥላሴን ጣሪያ ስታሳይ የምትውል ሰው ልዩነቱን ከማንም ቀድመህ ታየዋለህ፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ እዚያ ሂድ የምልህ።

ከዚያ የመጾር መስቀሎቹ። አገር ቤት መስቀል የምናየው በበዓል፣ ዲያቆኑ ከፍ አድርጎ ይዞት፣ ከሕዝብ መሀል ሆነን ነው። እዚህ ከፊትህ ነው፤ ናሱ ላይ የተቀረጸውን ሥዕል አንድ በአንድ ታነበዋለህ።

ሌላው ከእኛ ክፍል ውጭ ነው። የጣልያናዊው ሠዓሊ የራፋኤል ሥዕል አለ፣ ክብ ነው፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከኋላዋ ሁለት መላእክት መቅረዝ ይዘው ቆመዋል። የእኛን ሥዕለ ማርያም አይተህ ወዲያው ወደዚህኛው ሂድ። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዘው ግራና ቀኝ የሚቆሙበት ቦታ ላይ እዚያ መቅረዝ የያዙት አሉ። የእሱ ማርያም ዓይኗን ሰበር አድርጋለች፣ የእኛዋ ግን ቀጥ ብላ የምታየው አንተን ነው። እኔ የኛዋ ትበልጥብኛለች፣ ስላደግሁበት ብቻ አይደለም፣ ሥዕሉ የሚጸለይበት መሆኑ ከፊቷ ይታወቃል።

ጊዜ ከተረፈህ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የማኔን የካፌ ሥዕል ፈልግ። ትንሽ ናት፣ ቁመቷ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ አንዱም ሌላውን አያይም።

የማራኪው፦
ሐረግ ወዳድ የጻፍሽው ጥሩ ነው፣ እኔን ግን ከፋኝ። የገዳም ወንጌል በመስታወት ውስጥ፣ ያውም ባሕር ተሻግሮ፣ ምን ብዬ ነው የምወደው? እዚሁ ከተማችን ያለውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ታውቃላችሁ። በ1932 እንደ ፈረንጆቹ የፈረንሳዊው አጥኚ የግሪዮል ቡድን የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሥዕል ከግድግዳው ላይ አንሥቶ፣ በምትኩ ግልባጭ ለጥፎ ሄደ። ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው ያለው። የጎንደር ልጅ የጎንደርን ግድግዳ ለማየት ቪዛ ይለምናል። ወንድሜ፣ ሂድና እይ፣ ግን እያንዳንዱ ዕቃ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ጠይቅ። ጽሑፉ ላይ ከማን እጅ እንደተገዛ ይጽፋሉ፣ እሱን ሳታነብ እንዳታልፍ።

ሐረግ ወዳድ፦
የማራኪው፣ እውነትህን ነው። እኔም እያንዳንዱን አነባለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ከአሻሻጩ ስም ወዲያ ምንም የለም፣ ያ ያበሳጫል። ግን ዲሲ የተወለዱ ልጆቼ ግእዝ በብራና ላይ መጀመሪያ ያዩት እዚያ ነው፣ አለመውሰድ አልችልም።

ባቡር ይሻላል፦
እኔ ወደ ሥራው ልግባ። መግቢያው ነፃ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው፣ እህትህ ዕረፍቷ በእነዚያ ቀናት ከሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ከዲሲ ከሆነ ከዩኒየን ስቴሽን በማርክ ባቡር ባልቲሞር ፔን ስቴሽን ውረዱ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ ማውንት ቨርነን ድረስ በእግር ይኬዳል።

የእኔ ምርጫ ደግሞ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱት ባለ ሁለት ሳንቃ ሥዕሎች ናቸው። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን የጥንቱን ሠዓሊ የፍሬ ጽዮንን ሥዕል በፎቶም ቢሆን አይተህ ሂድ፣ የእሱን መንገድ የተከተሉ ሠዓሊዎች እጅ እዚያ ታውቀዋለህ፤ ማርያም ለልጇ አበባ ስታቀብል።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በጉንዳ ጉንዶው እጀምራለሁ። የማራኪው፣ ጽሑፎቹን በሙሉ ፎቶ አንሥቼ እዚህ እለጥፋለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ወንጌሉ ሁልጊዜ ለዕይታ ነው?

ባቡር ይሻላል፦
አይደለም። ብራናን ብርሃን ስለሚጎዳው እያፈራረቁ ነው የሚያወጡት፣ ሲወጣም የሚታየው የተከፈተው ገጽ ብቻ ነው። ከመሄድህ በፊት ኢሜይል ጻፍላቸው። የብራናዎቻቸውን ፎቶ ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ለቀውታል፣ ጎንደር ሆነህ ከአሁኑ አውርድና ገጽ በገጽ እየው።