ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ላፕ ስቲል ይወጣዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ብዙም የማልነካው ባለ 6 ክር ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። ጭን ላይ አጋድሜ በብረት ዘንግ የምጫወተው ላፕ ስቲል ላደርገው አስቤያለሁ። ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) መንቀል አለብኝ? ክሮቹንስ በምን ላንሳቸው? የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ 1፦ ፍሬቶቹን እንዳትነቅል! ክሮቹ ከፍ ካሉ ዘንጉ አይደርስባቸውም። እንዲያውም ማረፊያውን የሚያሳዩህ እነሱ ናቸው። ጣት ከፍሬቱ ትንሽ ኋላ ነው የሚጫነው፤ ዘንግ ግን ልክ በፍሬቱ አናት ላይ ካልዋለ ድምፁ ይዛባል። ክሮቹን ለማንሳት ነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ) ላይ የሚደረብ ብረት ይሸጣል። ሙጫም ሚስማርም አያስፈልገውም፣ የክሮቹ ውጥረት ራሱ ይይዘዋል። ሐሳብህን ከቀየርክ አውልቀህ ወደ ጊታርነቱ ትመልሰዋለህ።

መልስ 2፦ ነቱን ብቻ ማንሳት አይበቃም። ብሪጁ (በጊታሩ አካል በኩል ክሮቹን የሚይዘው ክፍል) ላይ ያሉትን የክር መቀመጫዎችም ከፍ አድርግ፤ ብሎኖቹ ካጠሩ ረዘም ባሉ ቀይራቸው። የጊታር ክሮች መሐል ላይ ጎበጥ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ ለቀጥተኛ ዘንግ ግን ስድስቱም እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው፣ ካልሆነ ዳርና ዳር ያሉት ይንጫጫሉ። መቀመጫዎቹን ወደፊትና ወደኋላ ሳታበላልጥ በአንድ መስመር አሰልፋቸው። በጊታር የሚበላለጡት ጣት ሲጫን ክሩ ስለሚለጠጥ ነው፤ ዘንግ ግን አይለጥጥም። ከነቱ እስከ መቀመጫዎቹ ያለው ልክ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት እጥፍ ነው። ክሮቹ ከፒካፑ (የክሮቹን ንዝረት ከሚቀበለው ማግኔት) ስለሚርቁ ድምፁ ከደከመ ፒካፑንም አንሳው። ብሪጁ ትሬሞሎ (ድምፁን ለማወዛወዝ ብሪጁን የሚያነቃንቅ ዘዴ) ካለው ደግሞ ከኋላ ባለው ክፍተት እንጨት ሸጉጠህ እንዳይነቃነቅ አድርግ።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ቅኝቱስ? ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ የሚባለውን አይቻለሁ።

መልስ 3፦ እሱን ለጊዜው ተወው። በተራ የጊታር ክር 6ኛውን (ወፍራሙን) ከኢ ወደ ጂ፣ 5ኛውን ከኤ ወደ ቢ ማጥበቅ ይጠይቃል፤ አንገቱን ያስጨንቃል፣ ክርም ይበጥሳል። ለመጀመሪያ ከወፍራሙ ጀምረህ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ ቃኘው። ሁለቱ ክሮች ባሉበት ይቆያሉ፣ አራቱ ይላላሉ እንጂ የሚጠብቅ የለም። ሲላሉ ከተርገበገቡብህ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ክር ግባበት።

መልስ 1፦ አንድ ነገር ልጨምር። ዘንጉን በያዘው እጅ ነጻ የሆኑትን ጣቶች ከዘንጉ ኋላ ክሮቹ ላይ ቀስ አድርገህ አሳርፍ። ያኔ ከነቱ በኩል የሚመጣው ትርፍ ጩኸት ይጠፋል።