ካሌይዶስኮፕ ለመሥራት ሁለት መስታወት ወይስ ሦስት?

የሳይንስ ክበቧ መምህርት

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ለወላጆች ቀን ከልጆቹ ጋር ካሌይዶስኮፕ እየሠራን ነው፤ በቀዳዳው ሲያዩት መስታወቶቹ ንድፍ የሚያሳዩበት፣ ሲያዞሩት ንድፉ የሚለዋወጥ ቱቦ ማለት ነው። ሦስት ረጃጅም የመስታወት ቁራጮች በሦስት ማዕዘን አስረን የውሃ ቧንቧ ውስጥ ከተትን። ጫፉ ላይ ጨሌ አለ። ያምራል። ግን ንድፉ ዳር እስከ ዳር ይሞላል። ልጆቹ የሚፈልጉት መሃል ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ኮከብ ነው። ምን እናድርግ?

ሌላም አለኝ። ለሚኒ ሚዲያ የሚነበብ ጽሑፍ «ባሕር ዳር ካሌይዶስኮፕ ናት» ብዬ ጀመርኩ። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ጣና፣ የቅዳሜ ገበያ... ባልደረባዬ አንብባ «እና?» አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መስታወት ቆራጭ

እታለም፣ ከኮከቡ በፊት ጠርዙ ይታሰብበት። አዲስ የተቆረጠ መስታወት የልጅ ጣት ይበላል። ጠርዙን ውሃ እያስነካሽ በሞረድ አለስልሺው፣ ከዚያ በፕላስተር ጠቅልዪው። ባለ 3 ሚሊሜትር ይበቃል። ወፍራሙ ለቁም ሣጥን ነው።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ያቦነንኩበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ሦስቱ መስታወቶች እርስ በርስ ይተያያሉ። የአንዱን ምስል ሌላው ተቀብሎ ለሦስተኛው ያቀብላል፤ ማለቂያ የለውም። ዳር የጠፋው ለዚህ ነው። ኮከብ ከፈለግሽ አንዱን መስታወት አውጪና በቦታው ጥቁር ካርቶን አስገቢ። ሁለቱ መስታወቶች የሚገናኙበት ጥግ የኮከቡ እምብርት ይሆናል።

ስንት ጫፍ ይኖረዋል? 360ን በመስታወቶቹ መካከል ላለው ማዕዘን አካፍዪ። 60 ዲግሪ 6 ክፍል ይሰጥሻል፣ 45 ዲግሪ 8፣ 30 ዲግሪ 12። ክፍሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው ጫፍ የሚያወጡት። ስለዚህ 12 ክፍል ማለት ባለ 6 ጫፍ ኮከብ ነው። ለልጆች እኔ 30ን እመርጣለሁ። የመስታወቶቹ ወርድ 4 ሴንቲሜትር ከሆነ የካርቶኑ ወርድ 2.1 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን፤ 30 ዲግሪው በራሱ ይመጣል። ማዕዘኑ ከተዛባ አንዱ ክፍል ይጎድልና መጋጠሚያው ያስጠላል።

ጨሌው ከመስታወቱ ጫፍ አይራቅ፤ ከራቀ ክፍሎቹ አይገጥሙም። የዓይን ቀዳዳውም መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ጥጉ ይጠጋ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው። ተራ መስታወት የሚያንጸባርቀው ቅቡ ከጀርባው ስለሆነ ፊቱ ደብዛዛ ተጨማሪ ምስል ያሳያል። ልጆች ግን በዚህ አያማርሩም።

መሣሪያውን የፈለሰፈው ዴቪድ ብሩስተር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1816። ስለ ብርሃን ሲመራመር ነው ያገኘው። በ1817 የፈጠራ መብት ቢያወጣም ኮራጆች ቀደሙት። ለንደንና ፓሪስ ውስጥ በሦስት ወር 200,000 ያህል መሸጡን ራሱ ጽፏል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሌሎች ሆነ። እሱ እንኳ ምንጣፍ ለሚነድፉ ሰዎች ይጠቅማል ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ መጫወቻ አደረገው።

ወደ ጽሑፍሽ ልምጣ። ባልደረባሽ ልክ ናት። ገበያ ካሌይዶስኮፕ አይደለም። ገበያ ውስጥ የምታዪው ሁሉ በእውነት አለ። በርበሬው አለ፣ ሙዙ አለ፣ በዋጋ የምትከራከሪያት ሴትዮ አለች። ካሌይዶስኮፕ ውስጥ ግን ያለችው አንዲት ጨሌ ናት፤ አሥራ ሁለት የሚያስመስላት መስታወቱ ነው። ጣናም አይሆንልሽም። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ውሃው አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ነው፣ 180 ዲግሪ በይው። 360 ለ180 ሲካፈል 2 ነው፤ ታንኳውና ምስሉ። በቃ።

እውነተኛውን ከፈለግሽ ቡና የሚጠጣበት ቦታ ቁጭ በይ። አንዱ ማለዳ ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ያነባል። ለሁለት ጓደኞቹ ይልካል። ከሰዓት በኋላ ያው ወሬ ከስድስት አቅጣጫ ይመጣብሻል። «አገር ምድሩ እያወራው ነው» ትያለሽ። አገር ምድሩ የሚያወራው የአንዱን ሰውዬ ነው።

ባለ ባጃጁ

ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር መከራከር ይከብዳል፣ ግን ቱቦው ይዞራል እኮ! እኔ ቀኑን ሙሉ ከጊዮርጊስ አባይ ማዶ ስመላለስ የማየው ያንኑ አስፋልት፣ ያንኑ ዘንባባ ነው። ሰዓቱ ሲዞር ግን ሌላ ነው። ጠዋት ተማሪ፣ ቀትር ላይ ባዶ፣ አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸር ጥንድ። ያው ጨሌ፣ ሌላ ንድፍ። መምህርቷ ይህን ማለቷ ቢሆንስ?

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

ይህስ ያስኬዳል፣ ወንድምዓለም። «ያው ጨሌ» የምትለውን ትጻፍ፣ ዝርዝሩን ትተው። ግን መስታወቱ የቱ ነው?

ባለ ባጃጁ

የኔ ስፖኪዮ ነዋ 😂

የሳይንስ ክበቧ መምህርት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ካርቶኑን ነገ እንሞክራለን። የባጃጁን መንገድ ከፈቀደልኝ እወስደዋለሁ። የወሬውን ግን ሚኒ ሚዲያ ላይ ካነበብኩት የመምህራን ክፍሉ በሙሉ «እኔን ነው የነካችኝ» ይለኛል፤ ይቅርብኝ። ቆራጩ ወንድሜ፣ 4 በ20 ሴንቲሜትር ብታወጣልኝ ባለ 50 ሚሊሜትር ቧንቧ ውስጥ ይገባል?

መስታወት ቆራጭ

ይገባል፣ ግን ጠበብ ይላል። ቧንቧውን ይዘሽ ነይ፣ እዚያው ለክቼ እቆርጥልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እንዳትመጪ፣ ዝግ ነን።