ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ስብ በብዛት የሚቃጠልበትን ልክ እንዴት እናግኘው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ስፖርት ሠርታ የማታውቅ የ42 ዓመት ሴት ፕሮግራም እያወጣሁላት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የተለካው የልብ ምቷ በደቂቃ 78 ነው፤ የምትወስደው መድኃኒት የለም፣ ሐኪምም አይቷታል። የመሮጫ ማሽኑ «ስብ ማቃጠያ» ብሎ ያስቀመጠው ልክ ላይ ስትደርስ ግን ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ለእሷ የሚሆነውን ልክ በምን ላግኘው? ትንፋሽ የሚለካ ላብራቶሪ አለ፤ የግድ ያስፈልጋል ወይ?

መልስ 1

ወንድሜ፣ ማሽኑ የሚያሰላው በዕድሜ ብቻ ነው፤ የሰውየውን ብቃት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስፖርት የለመደ ሰው ስብ በብዛት የሚያቃጥለው ከከፍተኛው የኦክስጅን ፍጆታው 60 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ጣሪያውን ይነካል፤ ከዚያም በታች የሆነ አለ።

ያለ ላብራቶሪ እንዲህ አስላው። ከ208 ላይ የዕድሜዋን 0.7 እጥፍ ቀንስ፦ 208 ሲቀነስ 29.4፣ 179 ገደማ። ይህ ከፍተኛ ምቷ ነው። የዕረፍት ምቷን 78 ቀንስለት፣ 101 ይቀርሃል። የ101ን ከ35 እስከ 45 በመቶ ወስደህ 78ን መልሰህ ደምር፤ ከ113 እስከ 123 ይመጣልሃል። በ113 ጀምር።

ቀመሩ ለአንድ ሰው 10 ምትና ከዚያም በላይ ሊስት ስለሚችል በንግግር አረጋግጠው። እየተራመደች ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ ከጨረሰች ልክ ነው። በየሦስት አራት ቃሉ አየር መሳብ ከጀመረች ቁጥሩ ምንም ይበል ቀንስላት።

መልስ 2

ላብራቶሪው የግድ አይደለም፤ ካለ ግን በአግባቡ ይሠራ። ከመጨረሻው ምግቧ በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሳትበላ ቆይታ ትምጣ፤ ቡና አትጠጣ፣ በዋዜማውም ከባድ ሥራ አትሥራ። ጭንብሉን አድርጋ 10 ደቂቃ ቁጭ ትበል። የምታስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለምትወስደው ኦክስጅን ሲካፈል በዚህ ጊዜ 0.8 አካባቢ መሆን አለበት። ከ0.9 ካለፈ ወይ በልታለች፣ ወይ ፈርታ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰች ነው፣ ወይም መሣሪያው በደንብ አልተስተካከለም፤ ሳይጣራ አትጀምሩ። ጭንብሉ በአፍንጫ አጥንትና በአገጭ በኩል አየር እንዳያሾልክም እይ።

በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ከ20 ዋት ተነስታ በየ6 ደቂቃው 15 ዋት ይጨመርላት። ለስፖርተኛ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ ያልለመደ ሰው ትንፋሹ ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። የየደረጃውን የመጨረሻ 2 ደቂቃ አማካይ ውሰድ። ከኦክስጅኑ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቀንሰህ በ1.67 ስታበዛ በደቂቃ የተቃጠለውን ስብ በግራም ይሰጥሃል። ለምሳሌ በደቂቃ በሊትር (መጀመሪያ ኦክስጅኑ፣ ቀጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ)፦ 20 ዋት ላይ 0.72 እና 0.59 ቢሆን 0.22 ግራም፤ 35 ዋት ላይ 0.90 እና 0.74፣ 0.27 ግራም፤ 50 ዋት ላይ 1.05 እና 0.90፣ 0.25 ግራም፤ 65 ዋት ላይ 1.22 እና 1.12፣ 0.17 ግራም። ጣሪያው 35 ነው፣ ነገር ግን 50ም አጠገቡ ነው። አንዲት ነጥብ አትፈልግ፤ ከ35 እስከ 50 ያለው ሁሉ ያሠራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ለኦክስጅኑ ሲካፈል 1 ላይ ሲደርስ ፈተናው ይብቃ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጫና ሲጨምር ስቡ ለምን ይቀንሳል? ደግሞ የእጅ ሰዓቷ ፍጥነት ብቀንስም ብጨምርም ከ118 ብዙም ንቅንቅ አይልም።

መልስ 3

ከሰዓቱ ልጀምር። እርምጃዋን አንድ ደቂቃ ቁጠር። 118 ገደማ ከሆነ ሰዓቱ የሚቆጥረው የእጇን መወዛወዝ እንጂ ልቧን አይደለም። ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ጠበቅ ታድርገው፤ ካልሆነ ደረት ላይ የሚታሰረው ይሻላል። እሱም ከሌለ ቆም እንዳለች አንገቷ ላይ ምቷን 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አብዛ። የማሽኑን መያዣ ይዛ እንዳትራመድም፤ ክብደቷን እጇ ሲሸከም ምቱ ይወርድና በማያስፈልግ ፍጥነት ታስኬዳታለህ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱ ሳይጨምር ምቱ ቀስ እያለ ቢወጣ ሙቀትና የውሃ እጥረት ነው፤ በንግግሯ ተመራ።

ወደ ስቡ ስንመጣ፣ ጡንቻ ቶሎ ኃይል ሲፈልግ ያጠራቀመውን ካርቦሃይድሬት ያፈሳል። በዚያን ጊዜ የስብ አሲድን ወደ ማይቶኮንድሪያ (ስቡ ወደሚቃጠልበት የሕዋስ ክፍል) የሚያስገባው ካርኒቲን ያጥራል፤ ስቡ ደጅ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ስፖርት ያልለመደ ጡንቻ ማይቶኮንድሪያው ጥቂት ስለሆነ እዚህ ደረጃ ላይ ቶሎ ይደርሳል። ከስፖርቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጣፋጭ መውሰድም ኢንሱሊንን ከፍ አድርጎ ስብ ከማጠራቀሚያው እንዳይወጣ ይይዛል፤ ስለዚህ ከበላች በኋላ 3 ሰዓት ያህል ይለፍ።

የቤታ ብሎከር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን የምት ስሌት አይጠቀም። መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩ ያሳስታል።

መልስ 4

ከላይ ያሉት ልክ ናቸው፤ ለሴትዮዋ ግን ግራሙን አስቀድመህ ንገራት። በደቂቃ 0.27 ግራም በ45 ደቂቃ 12 ግራም ነው፤ በሳምንት 5 ቀን ብትሠራ 61 ገደማ። ክብደቷ የሚቀንሰው በቀን የምትበላው ከምታወጣው ሲያንስ ነው። ይህን ሳትሰማ ከጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥታ ተስፋ ትቆርጣለች። የዚህ ልክ ትልቁ ጥቅም ጉልበቷንና ትንፋሿን ሳይጎዳ በየቀኑ መደጋገም መቻሉ ነው።

መጀመሪያ 2 ሳምንት 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመርክ እስከ 45 አድርሳት። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ 45 በ5 ቀን 225 ስለሆነ መሃሉ ላይ ነች። ከ8 ሳምንት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን 1 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ዝግ እያለች 6 ዙር ትጨምር። ደረቷን ካመማት ወይም ካዞራት ወዲያው ታቁም፤ ሐኪም ሳያያት አትመለስ።

የዕረፍት ምቷን በየወሩ ለካ። 78 ወደ 70 ቢወርድ የሚቀረው 109 ይሆናል፤ 35 በመቶው ከ70 ጋር 108 ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የእርምጃዋ ፍጥነት ግን ጨምሮ ታገኘዋለህ። ያን ጊዜ ጣሪያውን ከ45 ወደ 50 በመቶ፣ ማለትም ወደ 125 ምት ከፍ አድርግላት።