ሚስቲ አላሳልፍ አለችኝ፤ ስታርሚዋን በምን ልጣላት?

ነበልባል፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ የፖኬሞን ጨዋታዬን ሳልዘጋ ነው የምጽፈው። የሴሩሊያን ከተማዋ የጂም (የውጊያ ቤት) አለቃ፣ በውሃ ፖኬሞኖች የምትዋጋው ሚስቲ አሁን ለስድስተኛ ጊዜ አሸነፈችኝ። የመጀመሪያዋን፣ ስታርዩን፣ እንደምንም እጥላለሁ። ከዚያ ስታርሚ ትወጣና በዋተር ፐልስ ሁለት ጊዜ መታ የእሳት ፖኬሞኔን ቻርሚሊዮንን ትዘርረዋለች። ሳይዘረር ቢቀር እንኳ ግራ ይጋባና ራሱን ይመታል። ጉልበቷን ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ደግሞ ሪከቨር ተጠቅማ ግማሹን ትመልሰዋለች። ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ? መድኃኒት ጨርሻለሁ፣ ገንዘቤም አልቋል። ቻርሚሊዮን ደረጃ 20 ነው፣ ሌሎቹ እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም። ምን ላድርግ?

አሮጌ ካሴት፦
ወንድሜ፣ የትኛውን ጨዋታ እንደምትጫወት ሳትነግረን መልስ ትጠብቃለህ? ሚስቲ በአንድ ጨዋታ ብቻ ያለች አይደለችም። በ1996 ጃፓን ውስጥ ከወጡት ከቀዩና ከአረንጓዴው ጀምሮ የጨዋታው ክልል የካንቶ ሁለተኛዋ የጂም አለቃ ናት። ያኔም ስታርዩዋ ደረጃ 18፣ ስታርሚዋ ደረጃ 21 ነበሩ። በ2004 ታድሰው በወጡት በፋየርሬድና በሊፍግሪንም ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የጥቃቶቿ ዝርዝር ነው። በድሮው ባብል ቢም ነበር የምትጠቀመው። አንተ ዋተር ፐልስ ካልክ ግን አዲሱ ነው ማለት ነው፤ ይህን እኔ ነኝ የገመትኩልህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ስታርዩ ውሃ ብቻ ናት። ስታርሚ ግን ውሃም ሳይኪክም ናት። ስለዚህ ኤሌክትሪክና ሣር ብቻ ሳይሆን የነፍሳት፣ የመንፈስና የጨለማ ጥቃቶችም እጥፍ ይጎዷታል። በ1996ቱ ጨዋታ የመንፈስ ጥቃት ሳይኪክን ምንም አይነካም ነበር፤ የፕሮግራም ስህተት ነው። የጨለማ ዓይነት ደግሞ በ1999 ከወርቁና ከብሩ ጋር ነው የመጣው። ይህን ሳያውቁ የድሮ ምክር ለአዲስ ጨዋታ የሚሰጡ ሰዎች እዚህ ሞልተዋል።

ድንጋይ ወርዋሪ፦
ውሃን ምን ያናግረዋል? ድንጋይ! ጂኦዱድ አውጣባትና ሲያናግራት እይ።

ቅጠሌ፦
እባካችሁ የቸገረው ሰው ላይ አትቀልዱ። ጂኦዱድ ድንጋይም መሬትም ስለሆነ የውሃ ጥቃት አራት እጥፍ ነው የሚያርፍበት። አፉን ሳይከፍት ይወድቃል።

ድንጋይ ወርዋሪ፦
ተናግሮ ነው የሚወድቀው ብዬ ነበር።

ብልጭታ፦
ፒካቹ ያዝ። የቪሪዲያን ጫካ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ አይወጣም፣ ሣሩ ውስጥ መመላለስ ያስፈልጋል፤ ግን የኤሌክትሪክ ጥቃቱ ሰንደርሾክ አንዴ ካረፈባት ጨዋታው ያልቃል።

ነበልባል፦
በመጀመሪያ ወንድም አይደለሁም፣ እህታችሁ ነኝ። ሁለተኛ፣ ፋየርሬድ ነው። ሌሎቹ ያልኳችሁ ፒጂዮቶ ደረጃ 18፣ ዙባት ደረጃ 13 እና ራታታ ናቸው፤ ራታታን ከያዝኩት ጀምሮ አላወጣሁትም። የናጌት ድልድይን አልፌያለሁ። ፒካቹ ለመያዝ ወደ ኋላ ልመለስ ብዬ ብሞክርም የከተማው ምዕራብ በር ጋ መንገዱ አላስወጣ አለኝ።

አሮጌ ካሴት፦
ይቅርታ እህቴ። መንገዱ አያስወጣም፤ ከሙን ተራራ ስትወርጂ የዘለልሻቸው ትንንሽ ገደሎች ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይዘለሉም። ወደ ጫካው የሚመልሰው በዲግሌት ዋሻ የሚወጣው ነው፤ እዚያ ደግሞ መንገዱን የዘጋውን ዛፍ ለመቁረጥ ከት የሚባለው ጥቃት ያስፈልጋል። ከትን ከጦርነት ውጭ የሚያስጠቅምሽ ባጅ (አለቃ ሲሸነፍ የሚሰጠው ምልክት) ማን ጋ እንዳለ ታውቂያለሽ?

ነበልባል፦
ሚስቲ ጋ።

አሮጌ ካሴት፦
ሚስቲ ጋ።

ፍርድ አዋቂ፦
እኔ ግን በጥያቄው አልስማማም። ሪከቨር ማጭበርበር አይደለም፤ የስታርሚ የራሷ ጥቃት ነው፣ አንቺም ስታርሚ ብትይዢ ትጠቀሚበት ነበር። ችግሩ ያለው አንቺ ጋ ነው። በእሳት ጀምረሽ፣ በአንድ ፖኬሞን ብቻ ተማምነሽ፣ ውሃ ፊት ቆመሽ «ለምን ረጠብኩ» ትያለሽ። ቻርማንደርን (አድጎ ቻርሚሊዮን የሚሆነውን) የመረጠ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አለቆች ጋር እንደሚቸገር የታወቀ ነው፤ ድንጋይም ውሃም እሳትን አይወዱም። ደግሞ ማን ነው አሁኑኑ አሸንፊ ያለሽ? አልፈሻት መሄድ ትችያለሽ። ከድልድዩ ቀጥሎ ቢል ቤት ሄደሽ የመርከቡን ትኬት ተቀበይ። ከዚያ የተዘረፈው ቤት በር ላይ የቆመው ፖሊስ መንገድ ይለቅልሻል፤ በዚያ በኩል እስከ ቨርሚሊየን ድረስ ትሄጃለሽ።

ቅጠሌ፦
መሄድስ ትሄዳለች። የቨርሚሊየን ጂም ደጅ ላይም ዛፍ አለ፣ እሱንም ያለ ሚስቲ ባጅ አትቆርጠውም። መመለሷ አይቀርም።

ፍርድ አዋቂ፦
ስትመለስ ጠንክራ ነው የምትመለሰው። በዚያ ላይ ቤቱን የዘረፈውን የሮኬት ቡድን ሌባ ስትጥለው ዲግ የሚባለውን የመቆፈር ጥቃት ይሰጣታል። ቻርሚሊዮን ዲግን ይማራል። መሬት ውስጥ ሲገባ ዋተር ፐልስ አያገኘውም።

ቅጠሌ፦
ስታርሚ ትፈጥነዋለች። እሱ ከመግባቱ በፊት አንዴ ትመታዋለች፣ የሚድነው ከሁለተኛው ነው። ሙሉ ማምለጫ አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል፤ በዚህ እስማማለሁ።

አሁን አንቺን ልጠይቅሽ ነበልባል። በምንድን ነው የምትመቻት?

ነበልባል፦
በእሳቱ በኢምበር። አንዳንዴ በብረቱ በሜታል ክሎው፤ የመጀመሪያውን አለቃ ብሮክን ያሸነፍኩት በእሱ ስለሆነ።

ቅጠሌ፦
እኮ! ሁለቱንም ውሃ በግማሽ ይቀንሳቸዋል። ስድስቱንም ጊዜ በደነዘዘ ቢላ ነበር የምትቆርጪው። ስክራች እንኳ ከሁለቱ የተሻለ ይጎዳታል፤ ሳቅሽም አልሳቅሽም ሞክሪው።

ዋናው መፍትሔ ግን ኦዲሽ የሚባለው የሣር ፖኬሞን ነው። ከድልድዩ በስተሰሜን ባለው ሣር ውስጥ፣ መንገድ 24 እና 25 ላይ፣ ደረጃው ከ12 እስከ 14 የሆነ ኦዲሽ ይወጣል። አንዱን ያዥ። ወደ ቢል በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ተዋጊዎች ካልነካሻቸው እነሱ ላይ አሳድጊው፤ ጂሙ ውስጥም ከሚስቲ በፊት ሁለት አሉ፣ እነሱም ውሃ ናቸው። ደረጃ 18 ሲደርስ ስሊፕ ፓውደር (የሚያስተኛ ዱቄት) ይማራል። ከዚያ በፊት አትግቢ፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። ኦዲሽ የውሃ ጥቃት ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰው። ስታርሚን አስተኝቶ በአብዞርብ ይምጠጣት፤ የመጠጠው ግማሹ ለራሱ ጉልበት ይሆነዋል። አብዞርብ ደካማ ጥቃት ነው፣ በአንድ ምት ትወድቃለች ብለሽ አትጠብቂ። ጥቅሙ የተኛ ሰው ሪከቨር አለማለቱ ነው። ዱቄቱ ከአራት አንዴ ይስታል፤ ሲስት አትናደጂ፣ ድገሚው።

ብልጭታ፦
እኔ አሁንም ፒካቹ እላለሁ።

አሮጌ ካሴት፦
ከላይ ያለውን አንብብ።

ዝምተኛው፦
ነበልባል፣ ዙባትሽ ደረጃ 13 ነው ብለሻል። እስካሁን አስቶኒሽን ተምሯል፣ እሱ የመንፈስ ጥቃት ነው። ደረጃ 16 ላይ ባይት ይማራል፣ እሱ የጨለማ ነው። ሁለቱም ስታርሚ ላይ እጥፍ ያርፋሉ። ዙባት ቀጭን ስለሆነ ብዙ አይቆምም፤ ስታርሚ ተኝታ ሳለ ካስገባሽው ግን ይነክሳታል።

ሌላ ነገር። ድልድዩን ካለፍሽ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው የወርቅ ድብልብል ሰጥቶሻል። ሸጠሽዋል?

ነበልባል፦
የቱን ወርቅ?

ዝምተኛው፦
ናጌት የሚል። ቦርሳሽን ክፈቺ።

ነበልባል፦
ወይ ጉድ። እዚህ አለ። ድንጋይ ነገር መስሎኝ ለፖኬሞን ማሳደጊያ ይሆናል ብዬ አስቀምጬው ነበር።

ዝምተኛው፦
በጦርነት አያገለግልም፣ ለመሸጥ ነው። ሱቁ 5000 ይገዛሻል። ተራው ፖሽን 300 ነው፤ አሥራ ስድስት ገዝተሽ 200 ይተርፍሻል። አንዱ 20 ጉልበት ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ለቻርሚሊዮን አታባክኚው፣ ለኦዲሽ አድርጊው።

ድንጋይ ወርዋሪ፦
«ገንዘቤ አልቋል» ብላ ወርቅ ተሸክማ ስድስት ጊዜ የተሸነፈች ተዋጊ። እኔ ነኝ ቀልደኛ የተባልኩት?

ፍርድ አዋቂ፦
ሁላችሁም ስለ ስታርሚ ብቻ ነው የምታወሩት። ስታርዩም ሪከቨር አላት፣ በዚያ ላይ ሃርደን ትጠቀማለች።

አሮጌ ካሴት፦
ሃርደን የሚያጠነክረው ለአካላዊ ምት ነው። በፋየርሬድ ጥቃት አካላዊ ይሁን ልዩ የሚወስነው ዓይነቱ ነው፤ ሣርና ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ልዩ ናቸው። ስለዚህ ስታርዩ ሃርደንን አሥር ጊዜ ብትደራርበውም አብዞርብን አያግደውም። ስክራችን ግን ያግደዋል። እህቴ፣ ስታርዩንም በኦዲሽ ጀምሪያት።

ነበልባል፦
ኦዲሽ ያዝኩ! ደረጃ 13። መንገድ 25 ላይ እያሳደግኩት ነው። አንዱ ተዋጊ ሊገድለው ነበር፣ በፒጂዮቶ አዳንኩት።

ቅጠሌ፦
ጎበዝ። ከጦርነቱ በፊት ማስቀመጥ አትርሺ።

ነበልባል፦
ደረጃ 18 ደርሷል። ስሊፕ ፓውደር ተማረ። ስዊት ሴንትን አስረሳሁት፣ ጥሩ አደረግኩ?

ቅጠሌ፦
ጥሩ አደረግሽ።

ነበልባል፦
ገባሁ። ስታርዩ ወደቀች! ኦዲሽ ግማሽ ጉልበት አለው። ስታርሚ ወጣች። ዱቄቱ ሳተ። ዋተር ፐልስ መታችው፣ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛው ዱቄት ያዘ፣ ተኛች። አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የጌም ቦዬ አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆነብኝ፣ ምን ማለት ነው?

ዝምተኛው፦
ባትሪው ሊያልቅ ነው። ቶሎ ሶኬት ላይ ሰኪው፤ ጦርነት መሃል ማስቀመጥ አይቻልም።

ቅጠሌ፦
ነበልባል? ሰካሽው?

ድንጋይ ወርዋሪ፦
ውሃዋ ሳትሆን መብራቱ አሸነፋት።

ቅጠሌ፦
ነበልባል፣ ምን ሆነ? ንገሪን እንጂ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ ይህን ሁሉ አንብቤ መንገድ 24 ላይ ሁለት ሰዓት ፈለግኩ፣ ኦዲሽ የሚባል ነገር የለም። የእኔ ሊፍግሪን ነው። ምናልባት ጨዋታዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ቅጠሌ፦
አልተበላሸም። በሊፍግሪን እዚያው ሣር ውስጥ የሚወጣው ቤልስፕራውት ነው። እሱ ስሊፕ ፓውደርን ደረጃ 15 ላይ ይማራል፤ ቫይን ዊፕም ስላለው ከኦዲሽ ይልቅ ይቀልሻል ወይም ይቀልሃል።

ብልጭታ፦
ወይም ፒካቹ።