«ፈርመው ነው የገቡት» ለሚሉ ሰዎች

ሰገነት፦ ትናንት አንድ ተመራቂ የሆስፒታል ሶፍትዌር የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ኢፒክ ቢቀጠር የሥራው ሰዓት እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ጠጠር «በሰዓት የሚያማርሩት ፈርመው ነው የገቡት» ብሎ ዘጋበት። በጣም ነው ያናደደኝ። ኢፒክን በትርፍ ሰዓት ክፍያ የከሰሰውን የሠራተኛውን የሌዊስን ክስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2014 ለሠራተኞች ኢሜይል ላከ፤ የደመወዝ ክርክር ያለበት ሰው ለየብቻው በግልግል ዳኝነት እንጂ በቡድን ፍርድ ቤት አይሄድም የሚል። ሥራውን የቀጠለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል ተባለ። ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ደመወዝ እየበሉ ነው። የትኛው መግቢያ፣ የትኛው ፊርማ?

ጠጠር፦ ሌዊስ ራሱ በማግስቱ ኢሜይሉን አይቶ ተቀብሏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሜይ 21 ቀን 2018 በ5 ለ4 ለኩባንያው ፈረደ። ዳኛ ጎርሰች የጻፉትን አንብበው፤ የ1925ቱ የግልግል ሕግ ውሉ እንደተጻፈ ይከበር ይላል ነው ያሉት። በዚያ ላይ ይህ ኩባንያ ኮምፒውተር ያልተማረ ልጅ ተቀብሎ የሚያሠለጥን ነው፤ ታሪክና ባዮሎጂ ያጠኑ ልጆች ገብተውበታል። አምስት ዓመት ለቆየ አራት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት ይሰጣል። ይህን ማን ይሰጣል?

ዳመራ፦ ጠጠር፣ እረፍቱን ማንም አልካደም። አንተ ግን ፍርዱን ካለው በላይ እያስባልከው ነው። ከሳሾቹ የመመሪያ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራነው አንድ ተኩል እጥፍ ይገባናል አሉ። ፍርድ ቤቱ «አይገባችሁም» አላለም፣ ጥያቄውን አልነካውም። የወሰነው የት ትከራከራላችሁ፣ ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ የሚለውን ብቻ ነው። ዳኛ ጊንስበርግ የተቃውሞ ሐሳባቸውን ችሎት ላይ ያነበቡትም ለዚህ ነው። ሒሳቡን ሥራው፦ በሰዓት 30 ዶላር ለሚያገኝ ሰው የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ 45 ነው። በሳምንት 5 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ሲሆን 11,250 ዶላር። ወደኋላ የሚጠየቀው 2 ዓመት ነው፣ አውቆ የከለከለ ከሆነ 3። ለዚህ ብር ብቻውን ቀጣሪውን የሚጋፈጥ ስንቱ ነው? መቶ ሆነው ሲመጡ ግን ጠበቃውም ማስረጃውም ወጪውም አንድ ይሆናል።

ጠጠር፦ ብቻውን ያሸነፈም ቢሆን የጠበቃ ወጪውን ቀጣሪው ይከፍላል፣ ገንዘቡም እጥፍ ሊሆን ይችላል። ይህን ለምን ዘለልከው? ደግሞ በ2020 ምግብ አድራሹን ኩባንያ ዶርዳሽን እይ፤ ከ5,000 በላይ አድራሾች እያንዳንዳቸው ግልግል ጠየቁ፣ ዳኛው ኩባንያውን እንዲከፍልና እንዲገባበት አዘዘው። መንገዱ ዝግ አይደለም። ውል ውል ነው፣ ፈርመው ነው የገቡት።

ሰገነት፦ አሁንም! ኢሜይል ነበር እያልኩህ ነው።

ወንፊት፦ ስለ ሕጉ ተዉትና ሥራው ምን እንደሆነ ተናገሩ፤ ልጁ የጠየቀው እሱን ነው። የቅጥር ደብዳቤ ላይ «ጉዞ አለው» ይላል፣ የጎ ላይቭ ሳምንት፣ ሆስፒታሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሶፍትዌር የሚሻገርበት ማለት ነው፣ ምን እንደሚመስል ግን አይናገርም። የሆስፒታል ሶፍትዌር ሲጀመር ፈረቃው ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ ርክክቡ ሌላ ይጨምራል። ከመቀየሩ በፊት ባለው ሌሊት የተኙ ሕሙማን የመድኃኒት ትዕዛዝ በእጅ ይገለበጣል፦ አንዱ ያስገባል፣ ፋርማሲስት ያረጋግጣል፣ ነርስ መድኃኒቱ መጨረሻ የተሰጠበትን ሰዓት ታመሳክራለች። ይህች ሰዓት ካመለጠች በሽተኛው ሁለት ጊዜ ይወስዳል ወይም ይዘለላል። ሲነጋ ደግሞ የደም ናሙና ሌብል ሌላ ፎቅ ላይ ይታተማል፣ ፕሪንተሩ ከክፍሉ ጋር በትክክል ስላልተያያዘ። የበሽተኛ ዝውውር መልእክት ሲስተሞቹን በሚያገናኘው ኢንተርፌስ ላይ ከቆመ የመድኃኒት ካቢኔቱ ሰውዬውን አሁንም ድንገተኛ ክፍል ነው ብሎ ያስባል፤ ነርሷ በስሙ ማውጣት አትችልም፣ መቆለፊያውን አልፋ ታወጣለች፣ ፋርማሲስቱ አስቀድሞ ሳያየው ይሰጣል። በአሥራ አንደኛው ሰዓቱ ላይ ያለ የደከመ ሰው ይህን ሲያርም ስህተት ይሠራል። የሰዓት ጉዳይ የበሽተኛ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጠጠር፦ ፕሪንተሩ እኮ ቀድሞ በሚደረገው ሙከራ መያዝ ያለበት ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ አንድ ሌብል፣ አንድ ማዘዣ፣ አንድ የእጅ ማሰሪያ አትመህ ትፈትሻለህ። ያልፈተሸው ሆስፒታሉ ነው፣ ቀጣሪህ አይደለም።

ወንፊት፦ ከሙከራው በኋላ ሆስፒታሉ ጠረጴዛ ያዛውራል። ይህን የማያውቅ ጎ ላይቭ አላየም።

ዳመራ፦ ጠጠር፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሶፍትዌር ቤት የሚሠራ ሁሉ ኦቨርታይም የማይገባው ይመስልሃል። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2006 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሥራው ችግር መፍታት፣ ሴቲንግ ማስተካከልና መሞከር የሆነ የአይቲ ድጋፍ ሠራተኛ ኦቨርታይም ይገባዋል ብሏል። የሚታየው የሥራው ይዘት ነው፣ ማዕረጉ አይደለም። «አናሊስት» ተብሎ ስልክ ሲያነሳ የሚውል ሰው የሚሠራውን በየቀኑ ይጻፍ።

ቀንዲል፦ እናንተ በቅጥር ስትከራከሩ፣ የኛ ልጆች ለጎ ላይቭ በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግል ተቋራጭነት፣ ሄደው በሰዓት የበለጠ ያገኛሉ። ማን ከሷቸው ማን አስጨነቃቸው?

ዳመራ፦ ቀንዲል፣ በ1099 ኦቨርታይም የለም፣ 15.3 በመቶውን የራስ ሥራ ግብርም ሙሉውን ትከፍላለህ። ፈረቃህን የላከህ ኤጀንሲ ከወሰነ፣ ባጅ ከሰጠህ፣ ፎቁን ከመደበልህ አንተ ነጋዴ አይደለህም፣ ተቀጣሪ ነህ። ኤስኤስ-8 የሚባለውን ቅጽ ሞልተህ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) እንዲወስን መጠየቅ ትችላለህ።

ቀንዲል፦ ከዚያ በኋላ ያ ኤጀንሲ ይጠራኛል?

ሰገነት፦ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ደብልዩ-2 የሚሰጡ፣ ማለትም በተቀጣሪነት የሚይዙ፣ ኤጀንሲዎችም አሉ፣ ስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ይሁን። ደግሞ የጉዞውን ሰዓት ጠይቁ። በሰዓት ተከፋይ የሆነ ሰው ከተማ ለቆ ለሥራ ሲጓዝ፣ ጉዞው በተለመደው የሥራ ሰዓቱ ውስጥ ከዋለ እሁድም ቢሆን እንደ ሥራ ይቆጠራል።

ጠጠር፦ እሁድ ማታ የበረረው ግን አይቆጠርም። ሙሉውን ተናገር እንጂ።

ሰገነት፦ አይቆጠርም፣ እውነት ነው። እሁድ ከቀኑ በ8 ሰዓት የበረረው ግን ይቆጠራል፤ ስንቱ ኤጀንሲ እንደሚከፍለው አንተው ንገረን።