የባላባቱ ኦፔራ በግብራችን መድረክ ይውጣ?

ክራር፦ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እዚህ ጀርመን ኦፔራ ቤቶቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በመንግሥትና በከተማ ድጎማ ነው። ከደመወዛችን ከሚቆረጠው ማለት ነው። ታዲያ የፍሪድሪኽ ፎን ፍሎቶን «ማርታ» የተባለ ኦፔራ ዛሬም ማቅረብ ይገባል? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ሰውዬው በ1812 መክለንቡርግ ውስጥ ከባላባት ቤት ተወለደ። ዲፕሎማት እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ እሱ ግን ፓሪስ ሄዶ ሙዚቃ ተማረ። የትልልቅ ሰዎች ሳሎን በሩ ተከፍቶ ጠበቀው። 30 ገደማ ኦፔራ ጽፎ የሚታወሰው አንድ ሁለቱ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለት ያ የባላባትነት ምልክት፣ «ፎን» ነው።

ማሲንቆ፦ «ፎን» ያለው ሁሉ ቢታወስማ የት በደረስን! «ማርታ» በ1847 ቪየና ላይ ወጣች፤ ያኔ የወደዳት ሕዝብ የባለቤቷን የዘር ሐረግ አልቆጠረም። ዝነኛው የጣልያን ዘፋኝ ካሩሶ ከእሷ አንዱን ዘፈን በጣልያንኛ በሸክላ ያስቀረጸውም ለፍሎቶ አያት ብሎ አይደለም።

ክራር፦ እሺ፣ ታሪኩን እንየው። ሌዲ ሃሪየት ቤተ መንግሥት ሰለቻት። ለጨዋታ ከደንገጡሯ ጋር ገረድ መስላ፣ ገረዶች ወደሚቀጠሩበት ሪችመንድ ገበያ ትሄዳለች። ሁለት ገበሬዎች ቀብድ ይሰጧታል፤ ቀብዱን ከተቀበለች በኋላ በሕጉ አንድ ዓመት ማገልገል አለባት። እሷ ግን ሌሊት በመስኮት ሹልክ! እውነተኛዋ ገረድስ በየት መስኮት ታመልጣለች? መጨረሻው ይባስ። ያፈቀራት ገበሬ ለካ የተሰደደ መስፍን ልጅ ኖሯል፤ የሚታወቀውም ከአባቱ በቀረለት ቀለበት ነው። ገበሬ ሆኖ ቢቀርስ? ይህ የባላባት ሕልም ነው።

ጋሽ በገና፦ ልጄ፣ እዚህ ላይ ሰውየውን በሰው ዕዳ ከሰስከው። ግጥሙን የጻፈው ሪዘ የሚባል ሰው ነው። ታሪኩም በ1844 ፓሪስ ከታየ ባሌት የተወሰደ ነው። ደግሞ ጨዋታው የከሸፈው በማን ላይ ነው? እመቤቲቱ መፍተል አታውቅም! ገበሬዎቹ መንኮራኩሩን እያሽከረከሩ ሲያሳይዋት ሙዚቃውም አብሮ ይሽከረከራል፤ አራቱም ድምፅ ይቀባበላል። ያን ቦታ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? በ1842 ሃምቡርግ ስትቃጠል የአንድ ኦፔራው ኖታ አብሮ ነደደ። ሰውየው ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ ጻፈው። ይህ የሥራ ፈት ጠባይ ነው?

ክራር፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን በጣም የሚወደደው ዜማ እኮ የእሱ አይደለም። «የበጋ የመጨረሻዋ ጽጌረዳ» የአየርላንድ ዜማ ነው!

ማሲንቆ፦ ነዋ፣ ማን ካደ? ግን የት እንዳስገባው እይ። ገበሬው ለምኗት ትዘፍናለች፤ ያችን ሰዓት ከማስመሰል የወጣች ትመስለኛለች። እሱ ሲያጣት ያብዳል፣ በኋላ ዜማው ይመለሳል። ሲታረቁም እሷ አትክልት ቦታዋ ውስጥ ያንን ገበያ አሠርታ፣ እንደገና የገረድ ልብስ ለብሳ ነው የምትጠብቀው። ማን ማንን ለመነ ታዲያ? ደግሞ ድጎማው የተሰጠው ከባድ ሥራ ብቻ እንድናይ ነው ያለህ ማነው? እኔም ግብር እከፍላለሁ፤ አንድ ምሽት መሳቅ እፈልጋለሁ።

ክራር፦ በመስፍኑ ቀለበት ጉዳይ አልለቅም።

ጋሽ በገና፦ እሱን እኔም አልወደውም።

ክራር፦ ተመስገን! በሉ ያንን የፈትል ቦታ ላኩልኝ። ሰምቼ ነው የምሰድበው።