ታንከሩ የሚያንጠባጥብ ሽንት ቤት ላላችሁ የደሴ ሰዎች

ሰሞኑን ሁለት ጎረቤቶቼ በተለያየ ቀን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «የሽንት ቤታችን ታንከር ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል፤ ደህና ሠራተኛ ታውቂያለሽ?» አምና እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ ውስጥ ያጠራቀሙት ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ ያንገበግባል። አብሽሩ፣ አብዛኛው ጊዜ ቀላል ነገር ነው።

ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት ከየት እንደሚፈስ እወቁ። የታንከሩን ክዳን አንሱና መሀል ላይ የቆመውን ቱቦ እዩ። ውሃው ከቱቦው አፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። በአፉ እየገባ ከሆነ ችግሩ ጋሌጃንቴው (ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) ላይ ነው፤ ወይ ዝቅ አድርጉት፣ ወይ ቀይሩት። ውሃው በልኩ ቆሞ ከሆነ ደግሞ አንድ ሲኒ የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳትለቁት ጠብቁ። የመቀመጫው ሳህን ውስጥ ቀላ ብሎ ከታየ የታችኛው ጎሚኒ (ከታንከሩ ሥር ውሃውን የሚዘጋው ጎማ) አይዘጋም ማለት ነው። ወለሉ የሚረጥብ ከሆነ ግን ከታንከሩ ሥር ያሉትን ብሎኖች በሶፍት ጠቅልሉ፤ ቀድሞ የረጠበው ሶፍት ከየት እንደሚፈስ ይነግራችኋል።

የእኔው የታችኛው ጎሚኒ ነበር። አውጥቼ ሳየው ደርቋል፣ በጥፍሬ ስጫነው አልሰረጎደም፣ ጠርዙ ላይም የአሸዋ ቅንጣት ተሰክቶበታል። ውሃ ሲጠፋ ታንከሩ ባዶውን ይከርማል፣ ጎማውም ይደርቃል። ውሃው ሲመለስ ደግሞ ደለል ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ግዢው። ፒያሳ አካባቢ የጠየቅኳቸው ትልልቅ የሳኒተሪ ሱቆች ምርጫ አላቸው፤ ግን ብዙዎቹ ሙሉውን የውስጥ ዕቃ ካልሆነ አንሸጥም አሉኝ። ጋሌጃንቴውም ጎሚኒውም አብረው ካረጁ ይህ ያዋጣል። ጎሚኒ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ወደ ትንንሾቹ ሱቆች ሂዱ። አሮጌውን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለኩት፤ በዓይን ግምት የገዛሁት አንዱ ለጥቂት አልገጠመም። አዲሱንም በጥፍር ተጫኑት። ሰርጎድ ብሎ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ድርቅ ያለውን ዋጋው ቢረክስም ተዉት። ብሎን ከገዛችሁ የነሐስ ወይም የማይዝግ ይሁን፣ ተራው ብረት እዚያ እርጥበት ውስጥ ቶሎ ይበላል።

ኮምቦልቻ ዘመድ ያላችሁም አላችሁ። የነሐሱ ጋሌጃንቴ ክር ተበልቶባችሁ ከሆነ፣ እዚያ ላሉ ቶርኖ ቤቶች (ብረት ለሚቀርጹት) አሳዩት። ለፕላስቲኩ ግን አትድከሙ፣ አዲሱ ይሻላል። ከከመነዳሪ (ከጎማ የውስጥ ላስቲክ) ተቆርጦ የሚሠራ ጎሚኒም አይቻለሁ። ለአንድ ሳምንት ይይዛል፣ ለክረምት ግን አይታመንም።

ሠራተኛን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። መጀመሪያ የጠራሁት ሰው ታንከሩን ሳያወርድ ዙሪያውን በሲልከን ለቅልቆ ሄደ። በአምስተኛው ቀንም ውሃው እንደ ድሮው ወደ ሳህኑ ይፈስ ነበር። ሲልከን ከውጪ ይታያል እንጂ ውስጥ ያለውን ጎሚኒ አይተካም። ሁለተኛው ግን መጀመሪያ ውሃውን ዘጋ፣ ታንከሩን አራግፎ አወረደ፣ ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦታ በጨርቅ ጠረገና በጣቱ ዳሰሰው። የፕላስቲክ ዳዶውን በፒንሳ አልተጋደለም፤ በእጁ አጥብቆ ጥቂት ብቻ ጨመረለት። ሲጨርስም አሮጌውን ዕቃ ቆጥሮ ሰጠኝ። ስለዚህ ሰው ስትጠሩ ስልክ ላይ «ታንከሩን ታወርደዋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አያስፈልግም፣ ሲልከን ይበቃዋል» ካለ ሌላ ፈልጉ። ዋጋውንም ዕቃውን ለይታችሁ፣ የእጁን ለብቻ ተስማሙ።

አሁን ውሃ ሲመጣ የታንከሩን መዝጊያ ወዲያው አልከፍትም። መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ወደ ጀሪካን እለቀዋለሁ። እኔ ቤት ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሦስተኛው ጀሪካን ላይ ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱን ለአትክልቱ አፈሳቸዋለሁ።